ተመልሶ ስለሚመጣ የኢሜይል መልእክት

የቡና በሽታ ማስጠንቀቂያ ከጅማ ወደ ማና፣ ወደ ጎማና ወደ ጌራ ወረዳዎች በኢሜይል በሚላክበት ጊዜ፤ ላኪው «ልኬአለሁ» ብሎ መዝገቡን ቢዘጋ ሥራው ተፈጸመ ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 በኢትዮጵያ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ እሸቱን ሳይበስል ያበላሸዋል፤ ማስጠንቀቂያ ያልደረሰው ገበሬም ጕዳቱን የሚያውቀው ፍሬው ከጠቈረ በኋላ ነው።

ያልደረሰ መልእክት ሲመለስ ምክንያቱን በቍጥር ይናገራል። ቍጥሩ በ4 የሚጀምር እንደሆነ እንቅፋቱ ጊዜያዊ ነው፤ የመላኪያው መሣሪያም ራሱ ለ4 ወይም ለ5 ቀን ያህል ደጋግሞ ይሞክራል። በ5 የሚጀምር እንደሆነ ግን፤ ለምሳሌ 550፤ ብዙ ጊዜ አድራሻው የለም ማለት ነው። ወደዚህ ያለው አድራሻ አዘውትሮ መላክ ላኪውን የማይፈለግ መልእክት እንደሚበትን ሰው ያስቈጥረዋል፤ ለሌሎቹ የሚላከውም መልእክት እንዲታገድ ያደርጋል።

ስለዚህ የሞተውን አድራሻ ከዝርዝሩ መሰረዝ ይገባል፤ ወረዳውን ግን መሰረዝ አይገባም። ሹሙ ተዛውሮ እንደሆነ በስልክ ተጠይቆ በእርሱ ቦታ የተተካው ሰው አድራሻ በዚያው ቀን ይጻፍ፤ እስኪገኝም ድረስ ማስጠንቀቂያው በቃል ይነገር። በየወሩ መጨረሻም አድራሻዎቹና የወረዳዎቹ ስሞች ጐን ለጐን ይመርመሩ፤ አድራሻ የሌለው ወረዳ ማስጠንቀቂያ የማይደርሰው ወረዳ ነውና።