ቀዩና ቢጫው እጀታ
(ስለ ላንድሮቨር ትራንስፈር አሠራር፣ አለዋወጥና «ማሻሻል»)

ከዚህ ማሠልጠኛ የሚመረቅ መምህር ሁሉ አስፋልት ዳር ይመደባል ማለት አይደለም። መጻሕፍቱን፣ ጠመኔውንና ፍራሹን ጭኖ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የሚጓዝ መምህር ጭቃና አቀበት በሚወጣ መኪና ላይ መሳፈሩ አይቀርም። እንዲህ ባለው መኪና ውስጥ ከተለመደው የማርሽ እጀታ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ እጀታዎች ከሾፌሩ ጉልበት አጠገብ ቆመው ይታያሉ። «እነዚህ ደግሞ ምን ይሠራሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሲመጣ «መኪናውን ኃይለኛ ያደርጉታል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን እኮ ይህ ግማሽ መልስ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ግማሽ መልስ ሰው ይጎዳል።

ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን እነዚህ እጀታዎች የሚያዙትን ክፍል፣ ማለትም ትራንስፈርን፣ ልናስረዳ እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥነው ላንድሮቨር ሲሪዝ ሦስትን ነው። ይህ መኪና ከ1971 እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የተሠራ ሲሆን፣ የላንድሮቨር ዘር በአገራችን የገጠር መንገድ ላይ ብዙ ያገለገለ ነው። ምርቱ ከቆመ ረጅም ዘመን ቢሆነውም አሠራሩ ለዓይን ግልጽ ስለሆነ ለትምህርት ይመቻል። በኤሌክትሪክ ቁልፍ ከሚለወጡት የዛሬ መኪናዎች የብዙዎቹ መሠረትም ይኸው ነው።

1ኛ/ ትራንስፈር ምንድን ነው?

የሞተሩ ጉልበት በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። በተራ መኪና ከካምቢዮው የወጣው ጉልበት በረጅሙ የማዞሪያ ዘንግ አማካይነት ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ይሄዳል፤ ነገሩ እዚያ አለቀ። በላንድሮቨር ግን ከካምቢዮው በስተኋላ ሌላ የጥርስ ሳጥን ተገጥሟል። ትራንስፈር የሚባለው ይህ ነው። ሥራውም ሁለት ነው።

አንደኛው ማከፋፈል ነው። ጉልበቱን ለኋላው ዲፈረንሻል ብቻ፣ ወይም ለኋላውና ለፊተኛው በአንድነት ይሰጣል። ሁለተኛው ማባዛት ነው። ካምቢዮው ካባዛው በኋላ ትራንስፈሩ እንደገና ያባዛዋል፤ በቀላል ማርሽ በ1.148፣ በከባድ ማርሽ በ2.35። ስለዚህ አራት የፊት ማርሽ ያለው መኪና በተግባር ስምንት አለው ማለት ነው።

2ኛ/ ሒሳቡ

በዚህ መኪና ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ 3.68 ነው። ዲፈረንሻሎቹ ደግሞ 4.7 ናቸው። ሦስቱን ቁጥሮች ስናባዛ፦

በቀላል ማርሽ፦ 3.68 × 1.148 × 4.7 = 19.86
በከባድ ማርሽ፦ 3.68 × 2.35 × 4.7 = 40.65

ይኸውም ሞተሩ 40.65 ጊዜ ሲዞር ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለሒሳብ ያህል ሞተሩ 16 ኪሎግራም ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ሰጠ እንበል። በሰበቃ የሚባክነውን ትተን፣ በአንደኛ ቀላል ማርሽ 318 ገደማ፣ በአንደኛ ከባድ ማርሽ 650 ኪሎግራም ሜትር ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል።

ታዲያ ይህ ጭማሪ ከየት መጣ? ከፍጥነቱ ነው እንጂ ከሌላ ከየትም አልመጣም። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ቢዞርና የጎማው ዙሪያ 2.4 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው በአንደኛ ቀላል ማርሽ በሰዓት 14.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ፣ በአንደኛ ከባድ ማርሽ ግን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። አንድ ሰው አንድ ኩንታል ጤፍ ባንዴ መሸከም ሲያቅተው ለሁለት ከፍሎ ይመላለሳል፤ ሸክሙ ይቀልለታል፣ መንገዱ ግን ይበዛበታል። የማርሽም ነገር እንዲሁ ነው። ጥርስ ኃይልን ከባዶ አይፈጥርም፤ ፍጥነት ተቀብሎ ጉልበት ይመልሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። 650 ኪሎግራም ሜትር ሲባል ይህን ሁሉ የሚሸከም ብረት መኖር አለበት። ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አለዋወጡ እንለፍ።

3ኛ/ አለዋወጡ

ቀዩ እጀታ ወደፊት ሲገፋ ቀላል ማርሽ፣ መሐል ላይ ሲቆም ዜሮ፣ ወደኋላ ሲሳብ ከባድ ማርሽ ነው። ቢጫው እጀታ ወደታች ሲጫን የፊት ጎማዎቹን በቀላል ማርሽ እንዳለን ያስገባል።

ሀ) ጭቃ ወይም አሸዋ ከፊት ሲታይ ቢጫውን መጫን ነው። መኪናው እየሄደም ቢሆን ይቻላል። ጎማው ከሰመጠና በባዶ መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ማስገባት ግን ትርፉ ጥርስ መፋጨት ነው። ጭቃው ሳይደርስ በፊት ይግባ።

ለ) ከባድ ማርሽ ለማስገባት መኪናውን ማቆም፣ ፍሪሲዮን መርገጥና ቀዩን ወደኋላ መሳብ ያስፈልጋል። በትራንስፈሩ ውስጥ ጥርሶቹን የሚያስማማ መሣሪያ ስለሌለ፣ እየሮጡ መሳብ ጥርስ መስበር ነው። አልገባ ካለ በጉልበት መታገል አይገባም፤ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ለቀቅ አድርጎ እንደገና መሞከር ይበቃል።

ሐ) ቀዩ ወደኋላ ሲሳብ የፊት ጎማዎቹ ቢጫው ሳይነካ ራሳቸው ይገባሉ። በፋብሪካው ሥራ ከባድ ማርሽ ያለ አራት ጎማ አይገኝም።

መ) ወደ ሁለት ጎማ ለመመለስ መኪናውን አቁሞ ቀዩን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ስቦ እንደገና ወደፊት መግፋት ነው። ያን ጊዜ ቢጫው ራሱ ብድግ ይላል።

ደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም ጎማ አስገብቶ መንዳት አይገባም። ለምን ቢባል፣ መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ፤ በዚህ መኪና ደግሞ በፊትና በኋላ መካከል ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። በጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያወራርዳል። በደረቅ መንገድ ግን መንሸራተቻ ስለሌለው ዘንጎቹ እንደተጠመዘዘ ገመድ ይወጠራሉ፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል፣ እጀታውም አልወጣም ይላል። መድኃኒቱ መሪውን አቅንቶ ጥቂት ሜትር ወደኋላ መሄድ ነው፤ ውጥረቱ ሲረግብ እጀታው ይወጣል።

4ኛ/ ሁለቱ እጀታዎች ለምን ተያያዙ?

አንዳንድ ባለመኪናዎች ይህን መያያዝ እንደ እንቅፋት ያዩታል። ምክንያት የላቸውም አንልም። ተጎታች ይዞ በደረቅ መሬት ላይ ቀስ ብሎ ወደኋላ መግባት የሚፈልግ ሰው ከባዱን ማርሽ ይፈልጋል፣ የዘንጎቹን መወጠር ግን አይፈልግም። ስለዚህ የማያያዣውን ክፍል ነካክቶ ከባድ ማርሽ በሁለት ጎማ ብቻ እንዲሠራ ያደርጋል። ይህ ሥራ ጋራዥ ውስጥ «ማሻሻል» ይባላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ 650ውን ማን ይሸከማል? አራቱም ጎማ ሲገባ ጫናው ለፊትና ለኋላ ይከፋፈላል። ፊተኛው ሲወጣ ግን ሁሉም በኋላው ዲፈረንሻልና ከዚያ ወደ ጎማዎቹ በሚሄዱት ሁለት ዘንጎች ላይ ይወድቃል። የላንድሮቨር የኋላ ጎማ ዘንግ ደግሞ በመሰበር የታወቀ ነው። ፋብሪካው ሁለቱን እጀታዎች ያያያዘው ሾፌሩን ለማስቸገር አይደለም፤ ደካማውን ብረት ለመጠበቅ ነው።

እጀታው ሳይነካም ይኸው ጉዳት ሊመጣ ይችላል። በፊት ጎማዎች መሐል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ የተገጠመላቸው መኪናዎች አሉ። ሲፈቱ ጎማው ብቻውን ይዞራል፣ የፊት ዘንጎቹ ከጎማው ጋር አይዞሩም፤ ይህም የዘንጎቹን ልፋት ይቀንሳል። ነገር ግን መቆለፊያው እንደተፈታ ቀዩን እጀታ ወደኋላ የሳበ ሾፌር አራት ጎማ ያስገባ ይመስለዋል እንጂ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አስቀድሞ ወርዶ ሁለቱንም መቆለፍ ግዴታ ነው።

በአሜሪካ የጭነት መኪናዎች ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ኒው ፕሮሰስ 205 የተባለው ትራንስፈር ፊትንና ኋላን ለየብቻ የሚለውጡ ሁለት ሐዲዶች አሉት። በመካከላቸው ያሉት ትናንሽ ፒኖች አንዱ ከባድ፣ ሌላው ቀላል ማርሽ ላይ እንዳይገቡ ይከለክላሉ። አንድ እጀታ የነበረውን ወደ ሁለት እጀታ የሚለውጡ ሰዎች ፒኖቹን ይሞርዷቸዋል፣ ወይም ጨርሶ ያወጧቸዋል። ጨርሰው ካወጧቸው የፊቱ በከባድ (1.96)፣ የኋላው በቀላል (1) ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ ዘንግ ከሌላው ሁለት እጥፍ ገደማ ልዙር ይላል፤ መሬቱ ግን ሁለቱን በአንድ ፍጥነት ያስኬዳቸዋል። በዚህ ጠብ የሚሸነፈው ብረት ነው።

ማሻሻል ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ለምሳሌ ፌሪ የተባለው ተጨማሪ ማርሽ በላንድሮቨር ላይ ሲገጠም በአራተኛ ቀላል ማርሽ 5.40 የነበረው ብዜት ወደ 4.22 ገደማ ይወርዳል። ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። በፍጥነት የተገኘው ግን ከጉልበት ላይ ተቀንሷል፤ አቀበት ላይ ተጨማሪውን ማውጣት ነው።

5ኛ/ የእጅ ፍሬኑ ጉዳይ

ከሁሉም በላይ አንባቢ እንዲይዝልን የምንፈልገው ይህን ነው። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን ጎማው ላይ አይደለም። ከትራንስፈሩ የኋላ መውጫ ላይ ተገጥሞ የሚይዘው ረጅሙን የማዞሪያ ዘንግ ነው። ከዚህም ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ቀዩ እጀታ መሐል ላይ ከቆመ መኪናውን አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ማቆም ምንም ዋጋ የለውም። ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋል። የእጅ ፍሬኑ ከላላ ወይም በአንድ ልጅ እጅ ከተነካ መኪናው ቁልቁል ይሄዳል። በትምህርት ቤት ግቢ ተዳፋት ላይ መኪና ሲቆም ቀዩ እጀታ የት እንዳለ ይታይ፣ ጎማውም ሥር ታኮ ይደረግ።

ሁለተኛ፣ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሣ የእጅ ፍሬኑ መኪናውን አይዝም። ማዞሪያው ዘንግ ቢያዝም ዲፈረንሻሉ በአየር ላይ ያለውን ጎማ ወደ አንድ ወገን፣ መሬት ላይ ያለውን ወደ ሌላው ወገን እንዲዞሩ ይፈቅዳል። መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ሥሩ የተኛ ሰው ካለ ውጤቱን መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ ሳይደረግ ክሪክ አይነሣም።

ሦስተኛ፣ «የተሻሻለው» መኪና በሁለት ጎማ ከባድ ማርሽ አቀበት ሲወጣ የኋላ ጎማ ዘንግ ተሰበረ እንበል። ጉልበቱ በተሰበረው በኩል ስለሚያልቅ መኪናው ወደፊት መሄድ ያቆማል። ማርሹም አይዘውም። የእጅ ፍሬኑም ቢሳብ የሚይዘው ማዞሪያውን ዘንግ ስለሆነ፣ በተሰበረው ወገን ዲፈረንሻሉ በባዶ ይዞራል። ለሾፌሩ የቀረው የእግር ፍሬኑ ብቻ ነው። የፊት ጎማዎቹ ገብተው ቢሆን ኖሮ ማርሹም የእጅ ፍሬኑም በፊት ዘንግ በኩል ይይዙት ነበር። እንግዲህ ያ ማያያዣ ብረት ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪውንም ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ማንኛውም ሠልጣኝ አንድን መሣሪያ ከመፍታቱ ወይም ከመለወጡ በፊት «ይህ ነገር ምን ይከለክል ነበር? ከወጣስ በኋላ ያንን ማን ይከለክላል?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። በሠርቶ ማሳያ ክፍል መምህር ሲሆንም ተማሪዎቹ ይህን ጥያቄ እንዲለምዱ ያድርግ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የዚህ መኪና ሁለተኛ ማርሽ 2.22 ነው። በሁለተኛ ከባድ ማርሽ ጠቅላላ ብዜቱ ስንት ይሆናል? ከአንደኛ ቀላል ማርሽ ጋር ሲነጻጸር የትኛው የበለጠ ጉልበት አለው?

2. አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሥቷል፤ የእጅ ፍሬኑም ተስቧል። ቢጫው እጀታ ቢጫንና የፊት ጎማዎቹ ቢገቡ መኪናው ለምን ይያዛል? የፊት መቆለፊያዎቹ ተፈትተው ቢሆንስ? በሥዕል አስረዱ።