በቤት ውስጥ ስለሚደክመው የዋይፋይ ሞገድ

ለክረምት ዕረፍት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የተመለሰ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመምህሩ ሊልክ ሲነሣ፣ በሳሎን ይሠራ የነበረው ዋይፋይ በጓዳ ይጠፋበታል። ወዲያው የሚወቀሰው መሥመሩ ነው። ወቀሳው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ ሣጥኑን ከመስኮት ወደ መስኮት ማዞር ለማንም አልፈየደም።

ስለዚህ አስቀድሞ በሽታውን መለየት ይገባል። ተማሪው ስልኩን ይዞ ከራውተሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ይቁም። እዚያም ከተንቀረፈፈ ጉድለቱ ከውጭ ነው፤ ሲም የሚገባበት ራውተር ከሆነ የኔትወርኩን ማማ ወደሚያይ መስኮት ያቅርበው። እዚያ ፈጥኖ ጓዳ ሲደርስ የሚደክም ከሆነ ግን ጥፋቱ የቤቱ ነው።

ይህ የራዲዮ ሞገድ ነውና፣ ግድግዳ ባይኖር እንኳ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቆርቆሮ ይመልሰዋል፤ በዝናብ የራሰ የጭቃ ግድግዳና የውሃ በርሜል ይውጡታል። እኛ ግን ራውተሩን እንደ ጌጥ ዳንቴል አልብሰን ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም በቡፌ ውስጥ እንሸሽገዋለን! (ዳንቴሉስ ሣጥኑን ያሞቀው ይሆናል እንጂ ሞገዱን አይጎዳም።) ከዚያ አውጥቶ በቤቱ መካከል ከፍ አድርጎ ማኖር ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ የሚያሠራጭ ከሆነ ለሩቁ ክፍል 2.4 ጊጋኸርዝ ይመረጣል፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያሸንፈዋል። በግቢው ጫፍ ላለ የቆርቆሮ ሰርቪስ ቤት ግን ይህ ሁሉ አይበቃም፤ የኔትወርክ ሽቦ ዘርግቶ በዚያው ሁለተኛ ሣጥን መትከል ያስፈልጋል።