«ዝንጅብል» ማለት ምን ማለት ነው?

በርበሬ ስትደልዙ፣ ቅቤ ስታነጥሩ፣ ለጉንፋን ሻይ ስታፈሉ ከእጃችሁ የማይታጣው ዝንጅብል ስሙን ከየት እንዳገኘ አስባችሁ ታውቁ ይሆን?

ዐረቦች «ዘንጀቢል»፣ የጥንት ግሪኮች «ዚንጊበሪስ»፣ እንግሊዞች «ጂንጀር» ይሉታል። የሁሉም ምንጭ ከሕንድ ነው። በጥንታዊው የሳንስክሪት ቋንቋ «ሽሪንጋቬራ» ይባላል። «ሽሪንጋ» ቀንድ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ «ቀንድ መሰል» ተብሎ ይፈታል። ሌሎች ሊቃውንት ግን ቃሉ ከደቡብ ሕንድ ሕዝቦች የተወሰደ ነው ይላሉ፤ በታሚል ቋንቋ «ኢንጂ» ዝንጅብል፣ «ቬር» ደግሞ ሥር ነው። የቀንዱ ትርጉም መልኩን አይቶ በኋላ የመጣ ነው ማለታቸው ነው።

ይህ ቀንድ መሰል ሥር በሙዱላና በአካባቢው ላሉ የጠምባሮ ቤተሰቦች ቅመም ብቻ ሳይሆን የገበያ ገንዘብም ነው። ለዘር የሚተከለውም ራሱ ቁራጩ ነው። በ2004 ዓ.ም. የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የደቡብን የዝንጅብል ማሳ ክፉኛ ሲጎዳ ብዙ ጓዳ ባዶ ቀርቷል። በሽታው በታመመ ዘር፣ በአፈርና በውሃ ይተላለፋል።

ስለዚህ እናቶችና እህቶች፣ ዘር ስትመርጡ ቀንዱን አገላብጣችሁ እዩ። ሲቆረጥ ወተት መሰል ፈሳሽ የሚወጣውን አትትከሉ፤ ለጎረቤትም አታውሱ። በሽታው የታየበትን ማሳ በበቆሎ አፈራርቁ እንጂ ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ አትትከሉበት። የስሙ ትርጉም ቢያከራክርም፣ የቤተሰቡ ተስፋ ያለው በዚያች ጤነኛ ቁራጭ ላይ ነው።