የእጅ ሥራ ገቢና የአጭበርባሪዎች ወጥመድ

በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከደመወዝ ጎን ለጎን ቤት ውስጥ በሚሠራ የእጅ ሥራ ገቢ ስለ ማግኘትና፣ ይህንኑ የቤተሰብ ፍላጎት ተከትለው ስለሚመጡ አታላዮች ነው። ሁለቱን ለየብቻ ማንሣት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ሰፈር የምናያቸው አብረው ነው። እናቶች ሥራ በሚፈልጉበት ሁሉ ሥራ ሰጪ መስሎ የሚቀርብ አታላይ አይጠፋም።

ኦዳ በኬንያ በኩል ያለች የሞያሌ መንደር ናት። ስሟ በኦሮምኛ ሽማግሎች ከሥሩ የሚሰበሰቡበትን ትልቅ የጥላ ዛፍ ያመለክታል። ሞያሌ ራሷ አንድ ከተማ ሆና በሁለት አገር የተከፈለች ስለሆነች፣ በገበያዋ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ቡርጂኛና ስዋሂሊ ይሰማል፤ ብርና ሽልንግም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ከኢሲዮሎ ተነሥቶ በማርሳቢት በኩል የሚመጣው መንገድ አስፋልት ከሆነና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የጋራው የድንበር ኬላ ከተመረቀ ወዲህ፣ ዕቃ ሠርቶ ለመሸጥ ለሚፈልግ ሰው የገዢው መንገድ ከበፊቱ አጥሯል።

የወታደር ቤተሰብ ኑሮ ከሌላው ሠራተኛ ኑሮ የሚለይበት ዋና ነገር ዝውውር ነው። ሱቅ የከፈተች እናት የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ጊዜ ደንበኞቿን ጠቅልላ መሄድ አትችልም። ኪሮሽና ክር፣ መርፌና ጨርቅ፣ እንዝርትና ባዘቶ ግን በአንድ ሻንጣ ገብተው ወደ ታዘዙበት ይጓዛሉ። የእጅ ሥራ ለሠራዊቱ ቤተሰብ ከሁሉ ይልቅ ተስማሚ ነው የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሆኖም ምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሃያ እናቶች ሃያ ተመሳሳይ የጠረጴዛ ዳንቴል ቢሠሩ፣ እርስ በርስ ከመሸጣጣት በቀር ገበያ አይገኝም። ለመሶብና ለሙዳይ የሚሆነው ስንደዶና አክርማ የደጋ ሣር ስለሆነ ከሩቅ በመኪና መምጣቱ ዋጋውን ያንረዋል። ወፍራም ሹራብ በሞያሌ ሙቀት ማን ይለብሰዋል ብለን እንቀልድ ነበር፤ ነገሩ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። በኬንያ የብዙ ተማሪ ቤቶች የደንብ ልብስ ሹራብን ይጨምራልና ቀለሙን ከተማሪ ቤቱ ጠይቃ የምትሠራ እናት በየትምህርት ዘመኑ መክፈቻ ገዢ አታጣም።

ከአካባቢው የእጅ ሥራ ሁሉ ልባችንን የሚስበው የቦረና እናቶች የሚሠሩት የወተት ዕቃ፣ ጎርፋ ነው። ከዱር ተክል ሥር በሚወጣ ቃጫ እጅግ ጥብቅ ተደርጎ ስለሚሰፋ ወተት አያፈስም። ውስጡ በግራር ዓይነት እንጨት ጭስ ከታጠነ በኋላ፣ ኢቲቱ የሚባለው የረጋ ወተት ይቀመጥበታል። የጭሱ መዓዛ ለወተቱ ጣዕም ይሰጠዋል፤ ሳይበላሽ እንዲቆይም ይረዳዋል። ይህን ዕቃ በርካሽ ቃጫ አስመስሎ ሠርቶ «የቦረና ጎርፋ» ብሎ ለመንገደኛ መሸጥ እንደ ብልሃት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። እኛ ግን ከማጭበርበር ለይተን አናየውም። ሙያውን የፈለገች ከባለሙያዋ ዘንድ ሄዳ፣ የትምህርቷን ዋጋ ከፍላ ትማር።

ስለ ዋጋ አተማመን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ እናቶች ከአታላይ በፊት በገዛ ሒሳባቸው ይጎዳሉና። አንድ የጠረጴዛ ልብስ የ600 ሽልንግ ክር ፈጀ፣ የገበያ መጓጓዣው 50 ሽልንግ ሆነ፣ ሥራው 30 ሰዓት ወሰደ እንበል። በ1,500 ሽልንግ ቢሸጥ ለድካም የሚተርፈው 850 ነው፤ ለአንድ ሰዓት 28 ሽልንግ ያህል ይደርሳል። ገዢው ተከራክሮ በ800 ቢወስደው የሚተርፈው 150 ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ሰዓት ድካም 5 ሽልንግ አወጣ ማለት ነው። ብዙዎች የክሩን ዋጋ ብቻ አስበው «አተረፍኩ» ይላሉ። ሰዓቱን በደብተር የሚጽፍ ግን የትኛው ሥራ እንደሚያዋጣና የትኛው መተው እንዳለበት በሁለት ወር ውስጥ ይለያል።

አሁን ወደ አታላዮቹ እንምጣ። በቅርቡ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት የደረሰባትን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን፣ ስሟ ሳይጠቀስ እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች። «ቤትሽ ተቀምጠሽ የዶቃ አምባር ስትሰኪ በቁጥር እንከፍልሻለን» የሚል መልእክት በስልኳ ይደርሳታል። ለዶቃው፣ ለክሩና ለ«ምዝገባው» 3,500 ሽልንግ አስቀድማ እንድትከፍል ተጠየቀች። ገንዘቡ ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ነበር። ዶቃው በእርግጥ መጣ። ዐርባ አምባር ሠርታ በላከች ጊዜ «ጥራቱ አያሟላም» የሚል መልስ ሰጧት፤ ዳግመኛ ሠርታ ላከች፤ መልሱ ያው ሆነ። በሦስተኛው ስልኩ ተዘጋ። ባለቤቷ በግዳጅ ላይ ስለ ነበር ሐሳብ እንዳይገባው ብላ ሁለት ወር ሙሉ ዝም አለች፤ ልጁም በክፍያው ምክንያት ከትምህርት ቤት ተመለሰ።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። በሌላው ዓለም ፖስታ በማሸግና መጫወቻ በመገጣጠም ስም ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። አታላዩ የሚያተርፈው በአምባሩ ሳይሆን በዶቃው ሽያጭ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር ጥራቱን «አያሟላም»። እውነተኛ አሠሪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ ከሠራተኛ አያስከፍልም። መሣሪያ የሚሰጥ ከሆነም ዋጋውን ከሥራው ክፍያ ላይ ይቀንሳል። ዝምታውን በተመለከተ እናታችንን አንወቅስም፤ ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ወሮች ያው ሰው ለስንት ሌላ ቤት እንደ ደወለ ማሰብ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ በእቁብ ስም የሚመጣው ነው። ይህን ጠለቅ ብለን ማየት እንወዳለን፤ እቁብን ሁሉም ሰው ያምነዋልና። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 1,000 ሽልንግ ቢጥሉ፣ በየወሩ አንዱ 12,000 ይወስዳል። በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ የጣለውን ያህል አውጥቷል፤ ትርፍም ኪሳራም የለም። አባላቱ ይተዋወቃሉ፣ ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፣ ዳኛና ጸሐፊ አላቸው፣ ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ዋስ ይጠራል። በስልክ የሚመጣው «እቁብ» ግን 1,000 ጣይና አምስት ሰው አምጪ፣ 5,000 ትወስጃለሽ ይላል። ሒሳቡን እናድርገው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት፣ እነዚያም አምስት አምስት ቢያመጡ፣ በስምንተኛው ዙር የገባው ሰው ጠቅላላ 488,280 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ቆጠራ የማርሳቢት ካውንቲ ሕዝብ በሙሉ ወደ 460 ሺህ ነበር። በአሥራ አንደኛው ዙር ብቻ የሚያስፈልገው አዲስ ሰው 48,828,125 ነው፤ በዚያው ቆጠራ የመላዋ ኬንያ ሕዝብ 47 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር። እንግዲህ ጨቅላው ሕፃን እንኳ ቢመዘገብ አይበቃም! መጨረሻ የገቡት፣ እነርሱም ከሁሉ የሚበዙት፣ ገንዘባቸውን ያጣሉ።

በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 አካባቢ የተስፋፉት እንዲህ ያሉ ማኅበሮች ሲፈርሱ፣ ጉዳዩን ያጣራው የመንግሥት ግብረ ኃይል ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከ8 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ እንዳጡ ገልጿል። የዘዴው ታዋቂ አባት ቻርልስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 በቦስተን ከተማ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ የኋለኛውን ገንዘብ ለፊተኛው ሲከፍል ከርሞ በዚያው ዓመት ተይዟል። ለወታደር አንባቢ ከሁሉ የሚገርመው የአልባንያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሕዝቡ ገንዘቡን የጣለባቸው ድርጅቶች ሲፈርሱ ሁከት ተነሣ፤ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቶች ተዘረፉ፣ ሠራዊቱ ተበተነ፣ ሁለት ሺህ ያህል ሰዎችም ሞቱ። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን የፒራሚድ ሽያጭ ስልት ከልክሏል።

ሦስተኛው የስልክ ገንዘብ ጉዳይ ነው። ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ፣ ቴሌብር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በኢትዮጵያ ከጀመሩ ወዲህ ሩቅ ላለ ገዢ መሸጥ ቀሏል፤ ማታለሉም እንዲሁ። «ገዢው» የውሸት የክፍያ መልእክት ይልክና፣ «በስሕተት አብልጬ ልኬአለሁ፣ ትርፉን መልሺልኝ» ይላል። ዕቃ ከማስረከብ በፊት መልእክቱን ማንበብ አይበቃም፤ ራሱን የሒሳብ ቀሪውን ከፍቶ ማየት ያሻል። በእርግጥ በስሕተት የላከ ሰው በኬንያ መልእክቱን ወደ 456 ልኮ በድርጅቱ በኩል ማስመለስ ይችላልና፣ ተቀባይዋ በራሷ እጅ የምትልክበት ምክንያት የለም። የምስጢር ቁጥርን የሚጠይቅ፣ «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ» ቢልም፣ ሌባ ነው።

የሥራችሁን ፎቶግራፍ ለገበያ በምታሰራጩበት ጊዜ ደግሞ የደንብ ልብስ፣ የግቢው በርና የክፍሉ ስም በምስሉ ውስጥ እንዳይገቡ። «ባለቤቴ በግዳጅ ላይ ነው» የሚል ቃልም አይጻፍ። እንዲህ ካለው ጽሑፍ በኋላ «የባለቤትሽ ባልደረባ ነኝ፤ ታሟልና ለመድኃኒት ላኪ» የሚል ስልክ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምንም ሳይልኩ ስልኩን ዘግቶ ወደ ክፍሉ ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው፤ የታመመ ወታደር ካለ ዜናው የሚገኘው ከዚያ ነው። የተታለለ ሰው መልእክቶቹን ሳያጠፋ፣ የተላከበትን ቁጥርና ቀን ጽፎ በዚያው ዕለት ለስልክ ድርጅቱና ለፖሊስ ያመልክት፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ካልወጣ ሊታገድ የሚችልበት ጊዜ አለና። አምባሩን የሠራችው እናታችን ያስቀረችውን ዶቃ በቅዳሜ ገበያ ለመሸጥ አሁን ሒሳብ በደብተር ጀምራለች።