የኡሉሩ የባህል ማዕከል አሠራር፤ ባለአገሩና አርኪቴክቱ

የአንድን ሕዝብ ባህል ለእንግዳ የሚያሳይ ቤት ሲታነጽ፣ ከግድግዳውና ከጣራው አስቀድሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሰወር የሚወስነው ማን ነው? የሚለው ነው። ለዚህ ምርመራ በመካከለኛው አውስትራልያ የሚገኘው የኡሉሩ-ካታ ጁታ የባህል ማዕከል መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኡሉሩ የተባለው ታላቅ ቋጥኝ ነባር ባለርስቶች አናንጉ ይባላሉ። መንግሥት የመሬቱን ባለቤትነት ኦክቶበር 26 ቀን 1985 መለሰላቸው፤ እነርሱም ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ እንዲቈይ ለ99 ዓመት አከራዩት። ማዕከሉ የተከፈተው ልክ በዐሥረኛው ዓመት፣ በ1995 ነው። አርኪቴክቱ ግሪጎሪ በርጀስ የተዘጋጀ ንድፍ ይዞ አልቀረበም፤ ከአናንጉ ጋር በሥፍራው ሰንብቶ፣ አሳባቸውን በአሸዋ ላይ ሥዕልና በቃል ሲገልጹለት ተቀበለ እንጂ።

አናንጉ ጁኩርፓ የሚሉት ነገር በአንድ ቃል አይተረጐምም፤ የፍጥረት ታሪክም፣ ሕግም፣ የኑሮ ሥርዓትም ነው። የማዕከሉ ሁለት ጠመዝማዛ ቤቶች በጁኩርፓ የሚነገርላቸውን ኩኒያ የተባለችውን ዘንዶና ሊሩ የተባለውን መርዘኛ እባብ ይወክላሉ። ግድግዳው በዚያው አካባቢ ከተሠራ የጭቃ ጡብ ነው። እንግዲህ ቤቱ ትረካውን የሚይዝ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ተራኪ ነው።

ነገር ግን ጁኩርፓ ሁሉ ለሁሉ አይነገርም። ለወንዶች ብቻ፣ ለሴቶች ብቻ የተጠበቀ አለ። ስለዚህ ለእንግዳ የሚቀርበው ባለቤቶቹ የፈቀዱት ክፍል ብቻ ነው፤ በውስጡ ፎቶግራፍ ማንሣትም አይፈቀድም። በጎ አሳብ ያለው ሊቅ ብቻውን ቢያዘጋጀው ኖሮ፣ የተሟላ ትርኢት ለማቅረብ ሲል መሰወር የሚገባውን ገልጦ ባሳየ ነበር።

ይሁን እንጂ መመካከር ከሥልጣን ጋር አንድ አይደለም። ባለአገሮቹ በማዕከሉ ውስጥ እንግዶችን «ቋጥኙን አትውጡ» እያሉ ሲለምኑ መውጫው ክፍት ነበር። አናንጉ አብላጫውን ቦታ የያዙበት የፓርኩ ቦርድ በ2017 ወሰነ፤ መውጫውም በኦክቶበር 26 ቀን 2019 ተዘጋ። ማዕከሉ በተከፈተ በ24ኛው ዓመት መሆኑ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጥያቄው ከንድፉ ይቅደም። ሁለተኛ፣ በቤተ መዘክር ውስጥ ባዶ የሆነ መደርደሪያ ሁልጊዜ የዕውቀት ጕድለት ምልክት አይደለም፤ የባለቤቱ ቃል የተከበረበት ሥፍራ ሊሆን ይችላል።