ሐዲስ ዓለማየሁ፦ መምህርነቱ የት አበቃ?

በ1928 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የራስ እምሩ የጎጃም ጦር በዳባትና በደባርቅ በኩል አልፎ፣ የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ሽሬ ዘመተ። ታኅሣሥ 5 ቀን በደምበጊና ጠላትን ድል ቢነሣም፣ በየካቲት መጨረሻ በሽሬ ተፈታ። ከዘማቾቹ አንዱ ቀደም ሲል በደብረ ማርቆስ መምህርና የተማሪ ቤት ኃላፊ የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

ስለ ሐዲስ የተጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ብዙውን ጊዜ መምህርነታቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈው ወደ ዲፕሎማሲውና ወደ ልብ ወለዱ ይሻገራሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን መምህርነቱ በጦርነት የተቋረጠ ሥራ እንጂ የተተወ ሙያ አልነበረም።

ሐዲስ ከራስ እምሩ ጋር እስከ መጨረሻው ዘልቀው በ1929 ተማረኩ፤ ወደ ጣሊያን ተግዘውም የተባበሩት ኃይሎች እስኪያስፈቷቸው ድረስ በግዞት ቆዩ። ሲመለሱ ያገኟት አገር የተማረ ሰው የጠፋባት ነበረች። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ፋሽስቱ የተማሩትን ወጣቶች እየለቀመ ስለ ፈጀ፣ ከሞት የተረፉት ጥቂቶች ወደሚኒስቴሮች ተሳቡ። ስለዚህ ሐዲስ ወደ ውጭ ጉዳይ የገቡበትን ምክንያት በግል ምርጫቸው ብቻ መተርጎም ስሕተት ይመስለኛል። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ ከዚያም በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ ኋላም በለንደን በአምባሳደርነት አገለገሉ።

ዋናው ማስረጃ ያለው በ1948 ነው። በዚያ ዓመት፣ በውጭ ጉዳይ ሥራ ላይ ሳሉ፣ «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» እና «ተረት ተረት የመሠረት» የተባሉ ሁለት መጻሕፍትን አሳተሙ። የመጀመሪያው ርእስ ራሱ የመምህር ጥያቄ ነው። ተረቶቹም ቢሆኑ ለንባብ ልምምድ የሚመቹ ናቸው። በትምህርት ሚኒስትርነት የቆዩበት ጊዜ ግን አጭር ስለ ነበር፣ ክርክሩን በዚያ ሹመት ላይ ማቆም አይቻልም።

በ1958 የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሹመቱ ይልቅ ይናገራል። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ነው፤ የታሪኩ መፋጠጥ ሁሉ የሚነሣውም በባላባት ቤት ውስጥ ባለ አንድ ድኻ መምህር ዙሪያ ነው። ደራሲው ራሳቸው በደብረ ኤልያስና በዲማ የቆሎ ተማሪ ነበሩና፣ ዕውቀት ያለው ሰው ማዕረግ በሌለው ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ መጽሐፍ መመርመር አላስፈለጋቸውም። (ሂሳችን በፍቅሩ ላይ ብቻ ማተኮሩ ይህን ጎን ሸፍኖታል።)

የዘመቻውን ነገር በ1985 በታተመው «ትዝታ» አስፍረውታል። መጽሐፉ እስካሁን ይበልጡን የሚነበበው እንደ አርበኛ ማስታወሻ ነው፤ የወገራንና የሰሜንን ታሪክ የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም፣ የትምህርት ታሪክ አጥኚዎችም ቢመለሱበት የሚያገኙት አያጡም።