ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

የቼዝ ክበባችን ቁም ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ ይቀመጥ የሚል ማስታወቂያ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ከሥሩ አሥራ አንድ ሰው አስተያየቱን ጻፈበት። እኛም አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ስናነብ ዘጠኙ ስለ ቁልፉ ሳይሆን ስለ ቁልፍ ያዡ ጠባይ የተጻፉ ሆነው አገኘናቸው። አንዱማ ጭራሽ ባለፈው ዓመት ስለ ጠፋች አንዲት ጥቁር ፈረስ ነበር የሚያወራው። ነገሩ ከቁም ሣጥኑ የሰፋ መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከእኛ በፊት በዚሁ ጣጣ ውስጥ ያለፈ የአንድ ትልቅ የቼዝ ክበብ ታሪክ ለማቅረብ ወሰንን። ያ ክበብ ያለ ደመወዝ በሚሠሩ ሰዎች ድካም የቆመ ነበር። የተከፈለውም በቼዝ ምክንያት አልነበረም።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታ ምን ያህል አስተዳደር ይፈልጋል? አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የቻሉትን ያህል እየተሽቀዳደሙ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ለዛሬው የቼዝ ተጫዋች ይህ ሁከት ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተያዩ ስለሆነ፣ ዙሪያውን የከበበውም ተመልካች አፉን ስለማይዘጋ፣ ሰዓት ያዥም ጸሐፊም አያስፈልግም። ተጫዋቾቹ የማይተያዩ፣ አገራቸውም የተራራቀ ሲሆን ግን ሰዓቱን የሚይዝ፣ ውጤቱን የሚመዘግብ፣ አጭበርባሪውን የሚያስወጣ ሰው ግድ ይሆናል። ጠቡም ዞሮ ዞሮ ከዚሁ ሰው ጋር ነው።

ልናወራው ያሰብነው ክበብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1992፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር 1984 ዓ.ም. ነው። ማይክል ሙርና ሪቻርድ ናሽ የተባሉ ሁለት ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት ቼዝ የሚያጫውት ፕሮግራም ጽፈው አንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት። ስሙም «ኢንተርኔት ቼስ ሰርቨር» ተባለ። በስልኩ ላይ ባለ ቀለም ጠጠር በጣቱ እየገፋ የሚጫወተው የዛሬ ሠልጣኝ ያንን ሰሌዳ ቢያየው ሳይስቅ አይቀርም። ሰሌዳው ከፊደልና ከሰረዝ የተሠራ ነበር፤ ተጫዋቹም ፈረሱን ሊያንቀሳቅስ ሲፈልግ የቦታውን ስም በፊደልና በቁጥር ይጽፋል። ስሕተቱም ብዙ ነበር። ሕግ የማይፈቅደውን አካሄድ እሺ ብሎ የሚቀበልበት፣ ማት ያልሆነውን ማት ነው የሚልበት ጊዜ ነበር። ሆኖም መግቢያው ነፃ ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይም ቢሆን የሚጋጠምህ ሰው አይጠፋም። ቼዝ የያዘው ሰው ደግሞ እንኳን ለስሕተት ለእንቅልፉም ግድ የለውም።

በዚያው በ1992 ዳንኤል ስሊተር የሚባሉ ሰው «ፕሮግራሙን እኔ ልያዘው» ብለው በበጎ ፈቃድ ቀረቡ። እኚህ ሰው በአሜሪካ አገር ፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ሲሆኑ፣ ከሮበርት ታርጃን ጋር ሆነው በ1985 ያሳተሙት ሥራ ዛሬም በትምህርት ቤት ይጠናል። ቤቱን ካፈረሱ አይቀር ከመሠረቱ ነው እንዲሉ፣ ፕሮግራሙን በሰፊው እንደገና ይጽፉት ጀመር።

ከፈቱት ችግር አንዱን ብናብራራ ሥራው ምን ያህል እንደ ነበር ይገባናል። በ5 ደቂቃ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች ያለው 300 ሰኮንድ ነው። ሰዓቱን የሚቆጥረው ማዕከላዊው ኮምፒውተር ነው እንበል። አንድ ተጫዋች ሩቅ አገር ሆኖ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ 3 ሰኮንድ ቢፈጅ፣ በ40 እንቅስቃሴ 120 ሰኮንድ መንገድ ላይ ይቀርበታል። አምስት ደቂቃ ተብሎ የገባው ሰው ሦስት ደቂቃ ብቻ አሰበ ማለት ነው። ፈተና ላይ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ወረቀቱ ዘግይቶ ሲደርሰውና እንደ ፊተኛው ሲሰበሰብበት ምን እንደሚሰማው መምህራን ታውቃላችሁ። መፍትሔው በራሱ በተጫዋቹ ኮምፒውተር ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ተቀምጦ፣ የተጋጣሚው እንቅስቃሴ የደረሰበትንና መልሱ የተላከበትን ጊዜ እንዲመዘግብ ማድረግ ሆነ። የሚቆጠርበት ያሰበበት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርበትም። ታዲያ ሰዓቱ በተጫዋቹ ቤት ከተቀመጠ ተጫዋቹ ቢነካካውስ? ለዚህም ምዝገባው በምስጢር ጽሕፈት እንዲላክ ተደረገ። አንድ መፍትሔ ሌላ ጥያቄ እየወለደ ሥራው ማለቂያ አልነበረውም።

ከፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ሌላ አስተዳዳሪዎች ነበሩ። እነሱም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አዲስ የመጣውን ያስተምራሉ፤ ተሳዳቢውን ይገሥጻሉ፤ በኮምፒውተር እየታገዘ የሚጫወተውን ይለያሉ። ከሁሉ የሚከብደው መስመሩ የተቋረጠ ጨዋታ ጉዳይ ነው። ንግሥቱን የተበላ ተጫዋች በድንገት ይጠፋል። ስልኩ ተበላሽቶበት ነው ወይስ ሽንፈቱን ሸሽቶ? ሰውየው ተመልሶ ካልመጣ ጨዋታው ሳይፈጸም ይቆያል፤ ተጋጣሚውም «ድሌን ስጡኝ» ብሎ አቤት ይላል። አስተዳዳሪው አቀማመጡን አይቶ መፍረድ አለበት። ይህ ዳኛ ግን ራሱ ተጫዋች ነው፤ ትናንት በፈረደበት ሰው ዛሬ ሊሸነፍ ይችላል። ደመወዝ የለው፣ ይግባኝ ሰሚ የለው። በእኛ አስተያየት የክበቡ እውነተኛ ግድግዳና ጣሪያ ከፕሮግራሙ ይልቅ ይህ ሥራ ነበር፤ ይሁንና የማንም ስም አልተጻፈበትም።

ወደ ጠቡ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 ስሊተር በፕሮግራሙ ላይ የቅጂ መብት በስማቸው አስመዘገቡ። ክበቡን ወደ ንግድ ሊለውጡ ከሚፈልጉ ኩባንያዎችም ጥያቄ ይቀርብላቸው ጀመር። ማርች 1 ቀን 1995፣ ማለትም የካቲት 22 ቀን 1987 ዓ.ም. (እዚህ አገር የአድዋ በዓል ዋዜማ ነበር) አዋጁ ተነገረ። ክበቡ «ኢንተርኔት ቼስ ክለብ» ተብሎ ይሰየማል፤ አባል ለመሆንም በዓመት 49 ዶላር ይከፈላል።

ተቃውሞው ብርቱ ነበር። በአሮጌው ፕሮግራም ላይ የደከሙ ሰዎች «ለሁሉ በነፃ ይሁን ብለን የሰጠነው ላብ እንዴት ለሽያጭ ይቀርባል?» የሚል አቋም ያዙ። ነገሩ በማጉረምረም ብቻ አልቀረም። ማርች 3፣ ማለትም አዋጁ በተነገረ በሁለተኛው ቀን፣ ነፃ የሆነ ሌላ ክበብ ከፈቱ። ስሙም «ፍሪ ኢንተርኔት ቼስ ሰርቨር» ሲሆን፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደር ነው። አንዱ ቤት በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ሆነ።

ይህን ታሪክ በክፍላችን ስንወያይበት አብዛኛው ሰው ወዲያው ለነፃው ወገን ፈረደ። እኛም ልባችን ወደዚያው ነው፣ አንዋሽም። ግን ነገሩን ከሌላው ወገን ሆነን ስናየው ቀላል አይደለም። ለዓመታት ፕሮግራሙን የጻፈው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ወጪ አለው፤ ተጫዋቹ በበዛ ቁጥር ወጪውም ይበዛል። «እስከ መቼ በነፃ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ወይ? ክበቡም በክፍያው ምክንያት አልሞተም፤ እንዲያውም አደገ። ታላላቅ ማዕረግ ያላቸውን ተጫዋቾች ያለ ክፍያ እያስገባ፣ ሌላው አባል ከእነሱ ጋር ለመጋጠምና ጨዋታቸውን ለማየት እንዲከፍል አደረገ። ነፃውም ክበብ አልሞተም፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተከፈተው በር ዛሬም አልተዘጋም። «ክፍያ ያጠፋል» ያለውም፣ «ያለ ክፍያ አይቆምም» ያለውም ተሳስቷል ማለት ነው።

እንግዲያው ጉድለቱ ምን ላይ ነበር? እኛ እንደሚመስለን በሦስት ዓመቱ ውስጥ ማንም «ይህ የማን ነው?» ብሎ በወረቀት አለማስፈሩ ነው። ሁሉም ወዳጅ በነበረ ጊዜ ጥያቄው እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ ሲጣሉ ደግሞ መልሱ ይጠፋል። የቅጂ መብት ሕግ በጠባዩ የሚያውቀው ጽሑፍንና ጸሐፊን ነው። ሌሊት ሙሉ ሲፈርድ ያደረውን አስተዳዳሪ አያውቀውም። ስሕተት እየፈለገ ያመለከተውን ተጫዋችም አያውቀውም። ተቀናቃኝ ሲጠባበቅ በመጫወት ብቻ ክበቡን ሕያው ያደረገው ተራ አባልም በሕግ ፊት የለም። አባል የነበረው አንድ መብት ብቻ ነበር፤ መውጣት። እሱንም ተጠቀሙበት።

መውጣት ደግሞ ለሁሉ እኩል አይቀልም። ፕሮግራም ሊገለበጥ ወይም እንደገና ሊጻፍ ይችላል፤ የእኛ ክበብ ያለው ግን አራት ሰሌዳና ሁለት ሰዓት ነው። ግማሾቻችን ተቆጥተን ብንወጣ በባዶ እጅ ነው የምንወጣው። ክርክራችን የመረረውም ለዚህ ይመስለናል።

ከዚህ ጠብ በኋላ የመጡት ሰዎች አንድ ዘዴ አበጁ። በ2010 ቲቦ ዱፕሌሲ የተባለ ፈረንሳዊ የፕሮግራም ጸሐፊ «ሊቼስ» የሚባለውን ነፃ የቼዝ መጫወቻ ጀመረ። ከእናንተም መካከል ብዙዎች ትጫወቱበታላችሁ። ፕሮግራሙ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የፈቃዱም ቃል ጠንካራ ነው። ማንም ሰው ወስዶ ሊያሻሽለው፣ ሌላ ቦታ ሊያቆመው ይችላል፤ ነገር ግን አሻሽሎ ለሕዝብ አገልግሎት ካዋለው ያሻሻለውንም የመግለጥ ግዴታ አለበት። ስለዚህ መሥራቹም ቢሆን አንድ ቀን ተነሥቶ እስከ ዛሬ በዚህ ፈቃድ የተለቀቀውን መልሶ ሊቆልፍ አይችልም። ድርጅቱ በፈረንሳይ የ1901 የማኅበራት ሕግ መሠረት ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ የሚኖረው በስጦታ ነው፤ ወጪውንም ለሕዝብ ያሳያል። በሌላ አነጋገር የ1995ቱ ጥያቄ ከጠብ በፊት ተመለሰ። ይህ ሲባል ግን ጣጣው ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። አጭበርብረሃል ተብሎ የተከሰሰው ተጫዋች ዛሬም የሚቀርበው ሰው ዘንድ ነው፤ ፈቃድና ምዝገባ ዳኛን አይተኩም።

ጋሪ ካስፓሮቭና ናይጀል ሾርት እ.ኤ.አ. በ1993 ከዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ተለይተው የራሳቸውን ግጥሚያ ማድረጋቸውን፣ ዓለምም እስከ 2006 ድረስ ሁለት ሻምፒዮን ማየቱን ያነሣብን ሰው ነበር። እሱ የባለሙያዎችና የትልቅ ገንዘብ ጠብ ነው፤ ለዚህ ሰሌዳም አይበቃው።

ወደ ቁም ሣጥናችን ስንመለስ፣ የክበቡን አሮጌ መዝገብ ፈልገን አገኘን። ሁለቱ ሰሌዳዎች የቀድሞ ምሩቃን ትተውልን የሄዱት ናቸው። ሁለቱ ከአባላት መዋጮ የተገዙ ናቸው። አንደኛውን ሰዓት የጠገነው አንድ የእጅ ሥራ መምህር ሲሆን ዋጋ አልተቀበለም፤ ሌላው ሰዓት ግን ከየት እንደ መጣ የተጻፈ ነገር የለም። አሁን ቁልፉን የያዘው ጓደኛችን ሰሌዳዎቹን ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሲያወጣና ሲያስገባ ኖሯል፤ በመዝገቡ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም። «የራሱ ንብረት አደረገው» ብላችሁ የጻፋችሁ አራት ሰዎች ይህን ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። እሱም በበኩሉ «እኔ ባልኖር ክበቡ የለም» ያለውን ቃል ቢያስብበት ደስ ይለናል፤ ጥቁሯን ፈረስ በተመለከተ ግን ከደሙ ንጹሕ መሆኑን ምስክር ቆጥረናል።

የንብረት ዝርዝሩን፣ ቁልፍ ያዥ በየመንፈቁ እንዲመረጥ፣ በቁልፍ ያዡ ላይ የሚቀርብ አቤቱታም ቼዝ በማይጫወቱ አንድ መምህርና ሁለት ሠልጣኞች እንዲታይ የሚለውን ረቂቅ ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ለጥፈነዋል። ክበቡ ቢዘጋ ሰሌዳዎቹ ለማን ይተላለፉ የሚለው መስመር ባዶ ነው፤ በዚያ ላይ እኛም አልተስማማንም። እርሳሱ በክር ታስሯል። ስብሰባው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በንባብ ክፍሉ ነው፤ አሥራ አንዱም ጸሐፊዎች ስማችሁን ይዛችሁ ኑ።